ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ገንዘቡን ያወጣል? ለአዲስ አበባ መንገደኛ የተሠራ ሒሳብ

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ቲኬት የሚፈልግ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ሦስት ዋጋ ይደረደራል። ታች ኢኮኖሚ፣ ላይ ዓይን የሚያስፈጥጠው ቢዝነስ፣ መሀል ላይ ደግሞ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ። ሰው የሚያመነታው መሀለኛው ላይ ነው። ቢዝነሱን «የእኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህኛው ግን እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ይመስላል። ወገቡን የሚያመው፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ባለፈው ጉዞ እግሩ ያበጠበት ሁሉ «ትንሽ ብጨምርስ?» ይላል። ትንሹ ስንት እንደሆነ፣ በእሱም ምን እንደሚገዛ ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ አይሸጥም። ያለው ክላውድ ናይን የሚባለው ቢዝነስና ኢኮኖሚ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የተረከበው ኤርባስ ኤ350-1000 እንኳ 395 መቀመጫ ይዞ 46ቱ ቢዝነስ፣ 349ኙ ኢኮኖሚ ነው። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ካለበት ከዋሽንግተን ዲሲ ለሚነሣ ሰው ጥያቄው «ኢኮኖሚ ወይስ ፕሪሚየም?» አይደለም። «በቀጥታ በረራ ኢኮኖሚ፣ ወይስ በትራንዚት ፕሪሚየም?» ነው። ይህን ሳይለዩ ዋጋ ማወዳደር የተለያየ ዕቃ አንድ ሚዛን ላይ እንደማውጣት ነው።

አሁን ወንበሩን እንየው። አየር መንገዶች ፒች የሚሉት መለኪያ አለ፤ ከአንዱ ወንበር አንድ ነጥብ ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ እስካለው ተመሳሳይ ነጥብ ያለው ርቀት ነው። ኢኮኖሚ ላይ በአብዛኛው 31 ወይም 32 ኢንች ይሆናል፤ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ላይ የተለመደው 38 ኢንች፣ 97 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሉፍታንዛ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው ይህን ነው። ኤምሬትስ 40 ኢንች ይሰጣል፤ የወንበሩም ስፋት 19.5 ኢንች ነው። የኢኮኖሚ ወንበር ስፋት ከ17 እስከ 18 ኢንች መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ትከሻ ላይ ይታወቃል። ወደ ኋላ መንጋደዱም ይጨምራል፤ ኤምሬትስ ላይ 8 ኢንች ይደርሳል። ግን አልጋ አይሆንም። የተሻለ ወንበር ነው እንጂ የረከሰ ቢዝነስ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው ይህን ሳይረዳ ገዝቶ ነው።

ፒች የእግር ቦታ አለመሆኑንም ልብ በሉ። የወንበሩ ጀርባ ውፍረት እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። የፕሪሚየም ወንበር ወፍራም ስለሆነ ከጨመረው 6 እና 7 ኢንች ከፊሉን ስፖንጁ ይበላዋል። ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፦ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ከግድግዳው እስከ ጉልበታችሁ ጫፍ በሜትር ለኩ። 58 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የወጣለት ሰው ኢኮኖሚ ውስጥ ጉልበቱ አይነካም፤ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። 63 እና 64 የወጣለት ደግሞ ፊት ያለው ሰው ወንበሩን ባጋደደ ቁጥር ጉልበቱ ይታሻል፤ ለእሱ ፕሪሚየም ቅንጦት አይባልም። አጭር ሰው በበኩሉ ርቀቱን ትቶ የእግር ማሳረፊያውን ይመልከት። እግሩ ወለል ሳይነካ ተንጠልጥሎ 8 ሰዓት የሚቆይ ሰው የጭኑ ሥር በወንበሩ ጠርዝ ይታነቃል። ብዙ የፕሪሚየም ወንበሮች የባት ደጋፊ ወይም የእግር መርገጫ አላቸው፤ ግን የአንዳንዱ አየር መንገድ የባት ደጋፊ ያለው የፊተኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ስሙ ላይ ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በሚመሳሰል ስም ይሸጣሉ። ዩናይትድ ላይ «ኢኮኖሚ ፕላስ» ማለት ያው የኢኮኖሚ ወንበር ሆኖ ጥቂት ኢንች የእግር ቦታ የተጨመረበት ነው። እውነተኛው ፕሪሚየም ኢኮኖሚ «ፕሪሚየም ፕላስ» ይባላል። ዴልታም ላይ «ኮምፈርት» እና «ፕሪሚየም ሴሌክት» እንዲሁ ይለያያሉ። ስሙ የሚምታታበት ሁሉ የመቀመጫ ካርታውን ይክፈትና በአንድ ረድፍ ስንት ወንበር እንዳለ ይቁጠር። ፕሪሚየሙ ከኋላው ካለው ኢኮኖሚ ቢያንስ በአንድ ወንበር ማነስ አለበት፤ ቦይንግ 787 ላይ ኢኮኖሚው 3-3-3 ከሆነ ፕሪሚየሙ 2-3-2 ነው፤ 777 ላይ ደግሞ 3-4-3 የነበረው 2-4-2 ይሆናል። ቁጥሩ እኩል ከሆነ የገዛችሁት የእግር ቦታ ብቻ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ሲመለስ ይረዝማል፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ቢሆንም ከወንበር አትነሡም፣ ሻንጣ አትጎትቱም፣ በር አትፈልጉም። በፍራንክፈርት ከሆነ የመጀመሪያው በረራ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ በመሀል ጥበቃ አለ።

የትራንዚቱን ቲኬት ስትመለከቱ አንድ መስመር ፈልጉ፦ «የሚያበርረው» የሚለውን። ሉፍታንዛም፣ ዩናይትድም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ናቸው፤ አንዱ የሌላውን በረራ በራሱ ቁጥር ይሸጣል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ያለው በረራ የሚያበርረው የእኛ አየር መንገድ ከሆነ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ የሚባል ወንበር እዚያ አውሮፕላን ላይ የለም፤ የምትቀመጡት ኢኮኖሚ ነው። ፍለጋው ላይ ከላይ በትልቁ «ፕሪሚየም» ብሎ፣ ዝርዝሩ ሲከፈት አንዱ በረራ ብቻ ፕሪሚየም የሆነ ቲኬት በብዛት ያጋጥማል። ኤጀንት ጋ የምትገዙ ከሆነ «ፕሪሚየም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አራቱም በረራ ፕሪሚየም ነው? የትኛው አይደለም?» በሉ።

ለሒሳብ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። ቀጥታው በኢኮኖሚ ደርሶ መልስ 1400 ዶላር ነው እንበል፤ በፍራንክፈርት ፕሪሚየሙ 2300። ልዩነቱ 900 ዶላር ነው። አራቱም በረራ ፕሪሚየም ከሆነ ወንበሩ ላይ የምትቀመጡት 30 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ሰዓት 30 ዶላር ከፈላችሁ። ሁለቱ የአትላንቲክ በረራዎች ብቻ ከሆኑ ግን 16 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ 56 ዶላር ገባ። በዚህ ላይ የትራንዚት ጥበቃው አልተቆጠረም። በእኔ ሚዛን ሰዓቱ ከ20 ዶላር በታች ከመጣ አያከራክርም። ከ20 እስከ 35 ያለው በሰውነታችሁና በኪሳችሁ ይወሰናል። ከዚያ ካለፈ ገንዘቡን አስቀምጡትና አዲስ አበባ ስትደርሱ አንድ ቀን ጥሩ ሆቴል ውስጥ ተኙበት።

ሻንጣውን እንደ ጥቅም የሚቆጥሩ አሉ። የፕሪሚየም ቲኬት ባብዛኛው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል፤ አውሮፓ ለሚሄድ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ገንዘብ ነው። ለእኛ መንገድ ግን ብዙም ትርጉም የለውም፤ ከአሜሪካ አዲስ አበባ ቀጥታው በኢኮኖሚም የተለመደው ሁለት ሻንጣ በ23 ኪሎ ነው። በርበሬውና ሽሮው በሁለቱም እኩል ይመጣል። ላውንጅም (ኤርፖርት ውስጥ ያለው ልዩ ማረፊያ ክፍል) አብሮ የሚመጣ የሚመስለው አለ፤ ባብዛኛው አይመጣም። ምግቡ በሸክላ ሳህን ይቀርባል፣ ቀድማችሁ ትሳፈራላችሁ። ለሳህን ግን መቶ ዶላር አይከፈልም።

ልዩነቱ ወቅትን ተከትሎ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ክረምት ላይ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ ወይም ገና ሲቃረብ፣ የኢኮኖሚው ዋጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ፕሪሚየሙ ያን ያህል ላይነሣ ይችላል። ያኔ በመሀላቸው ያለው ርቀት ይጠብና ፕሪሚየም ያዋጣል። መንገደኛ በሚቀንስበት ወቅት ኢኮኖሚው ይረክሳል፣ ፕሪሚየሙ ቦታው ይቆያል፣ ልዩነቱ እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ «ፕሪሚየም ስንት ነው?» ብቻውን የትም አያደርስም፤ በዚያው ቀን ከኢኮኖሚው በስንት እንደሚበልጥ ነው የሚታየው። በዚያው ዓይን ቢዝነሱንም እዩት። ፕሪሚየሙ 2300፣ ቢዝነሱ በቅናሽ 3000 ሆኖ ከተገኘ መሀለኛው ላይ መቆም ትርጉም የለውም።

የሲያትል፣ የሎስ አንጀለስና የሚኒያፖሊስ ሰው ሒሳብ ሌላ ነው። እነሱ የፈለጉትን ቢያደርጉ ትራንዚት አይቀርላቸውም፤ ደለስ ወይም ቺካጎ ሄደው የእኛን አውሮፕላን ቢሳፈሩም ያው መቀየር ነው። ስለዚህ ቀጥታው የሚያስገኘው ዕረፍት ከሒሳቡ ይወጣል፣ ፕሪሚየሙ ይበረታል። ከሎስ አንጀለስ ዱባይ በኤምሬትስ 16 ሰዓት ያህል ነው፤ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ገንዘቡን የሚያወጣው እንዲህ ያለ በረራ ላይ ነው። ከዱባይ አዲስ አበባ ያለው 4 ሰዓት በኢኮኖሚ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ ተነሥተው ለሚመጡ ሰዎች ከነጭራሹ መታሰብ የለበትም፤ ወንበሩን አስተካክላችሁ ሳትጨርሱ መውረጃው ይደርሳል።

ደርሶ መልሱን ሁሉ በአንድ ክፍል መግዛት ግዴታ አይደለም። ብዙ አየር መንገዶች መሄጃውን በኢኮኖሚ፣ መመለሻውን በፕሪሚየም ይሸጣሉ፤ ዋጋው ባብዛኛው የሁለቱ ግማሽ ግማሽ ይሆናል። ገንዘቡ መዋል ያለበት እንቅልፍ ባለበት በረራ ላይ ነው። ቀን በሚበረር 8 ሰዓት ውስጥ ሰው ሁለት ፊልም ያያል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ኢኮኖሚ ይበቃዋል። ሌሊት የሚበረረው ላይ ጭንቅላት የሚያርፍበት መጠኑ የሚስተካከል ደጋፊና የ8 ኢንች መጋደድ ልዩነት ያመጣሉ። እዚህ ላይ ግን አታካብዱት፦ ከአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ አውሮፓ የሚደረገው የሌሊት በረራ ራት ተበልቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቁርስ እስኪመጣ ለእንቅልፍ የሚተርፈው 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ከልጅ ጋር የሚሄዱ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ነገር አለ፤ ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። የፕሪሚየም ወንበር የክንድ ማሳረፊያ ወደ ላይ አይታጠፍም። ጠረጴዛው ውስጡ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ ስክሪኑም እዚያው ነው። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን እናቱ ጭን ላይ አድርጎ መተኛት አይችልም፤ ጠንካራ ግድግዳ በመሀላቸው አለ። ጎናችሁ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አልጋ አይወጣውም። ኢኮኖሚ ላይ በሦስቱ ወንበሮች መሀል ያለው ክንድ ማሳረፊያ ባብዛኛው ሽቅብ ይታጠፍና ልጅ ይዘረጋል። ሁለት ልጅ ላላት እናት የኢኮኖሚ ሦስት ወንበር ከፕሪሚየም ሦስት ወንበር ይሻላል፤ ዋጋውንም ሳንቆጥር። ሰፋ ያለ ዳሌ ያለውም ሰው የማይታጠፈውን ክንድ ልብ ይበል፤ ስፋቱ ሲነገር በሁለቱ ክንዶች መሀል ያለውን ነው፣ ከዚያ ውጭ ማምለጫ የለም።

ኢኮኖሚ ውስጥ ሆኖ ፕሪሚየምን የሚቀናቀን ወንበር ካለ የአደጋ ጊዜ መውጫው ረድፍ ነው። በመቶ ወይም በሁለት መቶ ዶላር ጭማሪ እግር ሙሉ ለሙሉ ይዘረጋበታል። ጉድለቱም ይታወቅ፦ ሲነሣና ሲያርፍ ቦርሳ እግር ሥር አይቀመጥም፣ በሩ አጠገብ ይቀዘቅዛል (ካልሲ ደርቡ)፣ መጸዳጃ ቤት ወረፋ የሚይዝ ሰው ፊታችሁ ይቆማል፣ ልጅም አቅመ ደካማም እዚያ መቀመጥ አይፈቀድለትም።

እናትና አባት ልጆቻቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ ሲመጡ «ይመቻቸው» ብሎ ፕሪሚየም መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። ለሰባ ዓመት እናት ድካሙ ወንበሩ አይደለም፤ ትራንዚቱ ነው። በማያውቁት ቋንቋ በር መፈለግ፣ ባቡር ላይ መውጣት፣ እንደገና መፈተሽ። ቀጥታውን በኢኮኖሚ ግዙላቸው፣ ከመጸዳጃ ቤት ብዙ የማይርቅ ኮሪደር ዳር ወንበር ምረጡላቸው፣ ዊልቸር እዘዙ። ዊልቸር ነፃ ነው፤ ከክፍሉም ጋር አይገናኝም፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ቲኬቱ ላይ ይመዝገብ። በተጨማሪም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ወገን ነው። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ነፃ ነው፤ የሌለው ግን ፕሪሚየሙን ይዞ ቦሌ ላይ ይመለሳል።

ሰው ክፍሉን ሲያማርጥ የሚረሳው አውሮፕላኑን ራሱን ነው። 787ና ኤ350 በሰማይ ላይ የካቢናቸውን የአየር ግፊት 6000 ጫማ፣ ማለትም 1800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አድርገው ይይዛሉ፤ የቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች እስከ 8000 ጫማ ይደርሳሉ። የሚገርመው፣ በ787 አትላንቲክን የሚያቋርጥ ሰው ቦሌ ላይ ከቆመ ሰው ይልቅ ወፍራም አየር ይተነፍሳል። ሲያርፍ ራስ ምታቱና ድርቀቱ ይቀንሳል። አሮጌ አውሮፕላን ላይ ካለ ፕሪሚየም አዲስ አውሮፕላን ላይ ያለ ኢኮኖሚ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ቲኬቱን በኢኮኖሚ ገዝቶ በኋላ ከፍ ማለትም ይቻላል። በርካታ አየር መንገዶች ከጉዞው በፊት በኢሜይል «ዋጋ አቅርቡ» ይላሉ፤ ጨረታ ነው። የምትጽፉት ቁጥር ለአንድ ሰው፣ ለአንድ በረራ መሆኑን አትርሱ፤ 250 ብላችሁ ለሁለት ሰው ከጻፋችሁ 500 ከካርዳችሁ ይወጣል። ሁለት በረራ ካላችሁ ለረጅሙ ብቻ አቅርቡ። ካሸነፋችሁ በኋላም የሻንጣ ፈቃዳችሁ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቲኬት ይቀራል፤ ለኢኮኖሚ ወንበር ምርጫ የከፈላችሁትም ላይመለስ ይችላል፤ የሚደርሳችሁ ወንበር ደግሞ የተረፈው፣ ምናልባትም የመሀሉ ነው። ሼባማይልስ የሚባለውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ነጥብ ያጠራቀመ ሰው መሀለኛውን ትቶ በነጥቡ ከኢኮኖሚ ወደ ክላውድ ናይን የመዝለል ዕድሉን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በጣም ርካሹ የቲኬት ዓይነት ላይ ላይፈቀድ ስለሚችል ጥያቄው ከግዢው በፊት ይሁን።

አውሮፕላን ይቀየራል። ፕሪሚየም ገዝታችሁ ፕሪሚየም የሌለው አውሮፕላን ከመጣ፣ ወይም ወንበሩ ካነሰ፣ ወደ ኢኮኖሚ ትወርዳላችሁ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣ በረራ ከሆነ፣ ወይም በአውሮፓ አየር መንገድ ወደዚያ የሚገባ፣ ደንብ 261/2004 ይሠራል፦ እንደ አትላንቲኩ ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ ላለ መንገድ የዚያ በረራ ዋጋ 75 ከመቶ በሰባት ቀን ውስጥ ይመለሳል። በኩፖን ልንካሳችሁ ካሏችሁ ያለ ፊርማችሁ አይሆንም። ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉት፤ የቀድሞውንም የአዲሱንም የወንበር ቁጥር የሚያሳየው እሱ ነው።

ወንበር ስትመርጡ ለሁለት ሰው መስኮት ዳር ያለው ጥንድ ነው የሚመረጠው። ብቻውን ለሚሄድ ሰው 2-3-2 ላይ የመሀሉ ሦስት ዳር ይሻላል፤ መሀል ያለው ሰው ሲነሣ በሁለት በኩል መውጫ ስላለው ሁልጊዜ እናንተን አይቀሰቅስም። ፊተኛው ረድፍ የሕፃን አልጋ የሚሰቀልበት ስለሆነ ሌሊቱን ለቅሶ ሊኖር ይችላል፤ ቦርሳም እግር ሥር አይገባም። የመጨረሻው ረድፍ ከኋላው ግድግዳ ካለ እንደ ልብ ላይጋደድ ይችላል። ከመረጣችሁ በኋላ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ካርታውን አንድ ጊዜ ክፈቱና የወንበር ቁጥራችሁ እዚያው መሆኑን እዩ፤ አውሮፕላን ከተቀየረ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ነው።